ጣሪያ የማያይ ገማች

ኡበይደላ በሰው ቤት ገብቶ ጣሪያ አይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ለሌላ ሰው ችግር አይሆንም። ኡበይደላ ግን በከተማችን ማዘጋጃ ቤት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ገማቾች ኃላፊ ነበር።

ከተማችን ሾላ መገንጠያ ትባላለች። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲኬድ ትገኛለች፤ አውቶቡስ ጎማው ካልፈነዳ አይቆምባትም። እኔ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ግብር ተቀባይ ነኝ፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። እሱ ይገምታል፣ እኔ እቀበላለሁ። ሕዝቡ እሱን ይመርቃል፣ እኔን ይረግማል። ይህን ያህል ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስኖር የሰደበው ሰው አላየሁም፤ እኔን ያልሰደበኝ ግን ትንሽ ነው።

ኃላፊ የሆነው በስብሰባ ነው። የቀድሞው ጡረታ ሲወጡ ማን ይተካ ተብሎ ተጠየቀ። ሁላችንም አቀርቅረን ዝም አልን። ኡበይደላ ዘወትር ያቀረቀረ ስለሆነ ያን ቀን ከእኛ የሚለይበት ነገር አልነበረም፤ ሆኖም አንዱ ስሙን ጠራ፣ ተቃውሞ አለ ወይ ተባለ፣ እሱም ጭምር ዝም አለ፣ ጸደቀ። ዲፕሎማው በእንስሳት እርባታ ነው። ከብትም ቤትም ንብረት ነው ተብሎ ታለፈ።

ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ይገባል፣ ባሳዩት ቦታ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ይተክላል። አባቱ በሰው ቤት ሽቅብ የሚያይ ወይ ሌባ ነው ወይ ዓይኑ ክፉ ነው ብለው ነው ያሳደጉት። በእኛ አገር ደግሞ ቤት የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም። እሱ ይበላል። ከበላ በኋላ ቤታችሁ ውድ ነው ብሎ መጻፍ እንደ ክህደት ይሆንበታል። ስለዚህ ወደ ባለቤቱ ዞር ብሎ ጣሪያው ምንድነው ብሎ ይጠይቃል። ቆርቆሮ፣ አሮጌ፣ ይሉታል። አሮጌ ቆርቆሮ ብሎ ይጽፋል። በእሱ ዘመን በሾላ መገንጠያ አንድም አዲስ ቆርቆሮ አልነበረም፤ ቆርቆሮ ነጋዴው ጁነይድ ግን በየዓመቱ ይከብር ነበር።

ከሁሉ የምትብሰው ከድጃ ነበረች። ከድጃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ ወለሉ መስተዋት የመሰለ ሊሾ ነው። የግምት ቀን ሲደርስ ሊሾው ላይ ጭድ ታነጥፍና ፍየሎች ታስገባለች። ፍየሎቹ የእሷ አልነበሩም፤ ከጎረቤት ትዋሳቸዋለች። ኡበይደላ በፍየሎቹ መሐል ተቀምጦ ሽሮውን ይበላል፣ የአፈር ወለል ብሎ ይጽፋል፣ ሲወጣም አንዷ ፍየል ታስላለችና ለብቻዋ እሰሪያት ብሎ ይመክራታል። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ፍየሏ ድናለች።

አያውቅም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ያውቃል። እኔ ሲብሰኝ እንዴት ታልፋታለህ ስለው፣ ሰው የሚደብቀው ሲያፍር ነው፣ የሚያፍር ሰው ደግሞ አልጠፋም ይለኝ ነበር። ያናድደኛል። የምቀበለው ግብር ለቢሮው ወረቀት እንኳ አይበቃም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ የቤት ግምትን የሚመራ ሰው በሙያው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ ያልያዘ ወደሚመጥነው ቦታ ይዛወራል። ለኡበይደላ የሚመጥነው ቦታ መዝገብ ቤት ነበር፤ መስኮት የሌለው፣ የኃላፊነት አበልም የሌለው ክፍል። ልጁ ዓቢዳ ደሴ ኮሌጅ የምትማረው በዚያ አበል ነው። እሱ ከወደቀ ወንበሩ የሚሰጠው ለእኔ እንደሆነም ተነገረን። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው፤ አልፈልገውም ብዬ አልዋሽም።

ሰኔ ላይ ወልድያ ሄዶ ተመዘነ። የጽሑፉን አለፈ። ለተግባሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተመዛኝ አንድ የሰው ቤት ይሰጠዋል፤ ገብቶ አይቶ መገመት ነው። መዛኟ ሰላም የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች። በር ላይ ቆማ ወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ የመዛኝ ሥራ ሰውየውን ማየት እንጂ ቤቱን ማየት አይደለም። ለኡበይደላ የደረሰው ከገበያው በላይ ያለው የእትዬ አበበች ቤት ነበር።

እትዬ አበበች በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ደምሴ አናጺ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ምዘና ይሁን ሌላ፣ ቤታቸው የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ለእስላም እንግዳ ለብቻ የሚያስቀምጡት ሳህን ነበራቸው፤ በእሱ ዳቦና እርጎ አቀረቡ። ኡበይደላንም ሳሎኑ መሐል አስቀመጡትና ፊት ለፊቱ ቆመው ጠበቁ። ኡበይደላ በላ፣ አመሰገነ፣ ግድግዳውን በሜትር ለካ፣ ብሎኬቱን አንኳኳ፣ መስኮቱን ቆጠረ። በመጨረሻ እንደ ልማዱ፦

«ጣሪያውስ እትዬ?» አላቸው።

«ቀና ብለህ እየው እንጂ ልጄ።»

«ደህና ነው፤ ማሻአላህ» አለ፣ ምንጣፉን እያየ። የጻፈውም እሱኑ ነው፦ ጣሪያ፣ ደህና።

ውጤቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነበር። ሰላም በትሕትና፣ ሁሉን አይተዋል፣ ጣሪያውን ብቻ አላዩም፣ ነሐሴ ላይ ይድገሙ አለችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ የእኔንም ዓይን አላየም።

ነሐሴ ላይ ከምዘናው በፊት ጦርነቱ ደረሰ። ምዘናው ተራዝሟል ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው አልቀረም። ግማሹ ከተማ ወደ ደሴ ሸሸ። እኔ እናቴ መራመድ ስለማትችል ቀረሁ፤ ኡበይደላ ደግሞ ባለቤቱ ናጅዋ ቤቴን ለማን ትቼ ስላለች ቀረ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ። ከሰፈራችን የሞቱ አሉ፤ እነሱን በዚህ ወሬ ውስጥ አላስገባቸውም።

ኡበይደላ በእነዚያ ወራት ያጠና ነበር። የሥልጠናውን መጽሐፍ ይዞ ከቤቱ ደጃፍ ይቀመጣል። የጣሪያው ምዕራፍ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ በጀርባው ይተኛና የራሱን ጣሪያ ያያል፤ ለልምምድ ነው። አንድ ቀን ቀዳዳ አገኘ።

«ይህ ቀዳዳ መቼ መጣ?» ብሎ ጠየቃት ናጅዋን።

«ዓቢዳ ሳትወለድ» አለችው። አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት መሆኑንም ጨምራ አስታወሰችው።

ነገሩን ለሚስቴ የነገረቻት ናጅዋ ናት፤ ስትነግራት ግን አልሳቀችም። ሰውዬው የሚያጠናው ለፈተናው ብቻ አልነበረም። ዓቢዳ ደሴ ናት፤ ስልክ የለም፤ ጦርነቱ ወደዚያ እየሄደ ነው ይባላል። መጽሐፉን ሲዘጋ ልጁ ትመጣበታለች፣ ስለዚህ አይዘጋውም። ያን ሰሞን በሩ ላይ ሳልፍ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ አይቼዋለሁ። አዘንኩለት፤ ወንበሩም ለጊዜው ከሐሳቤ ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ዓቢዳ ከስታ መጣች፤ ከመክሳቷ በቀር ደህና ነበረች። ናጅዋ ለመውሊድ አስባ ሳታርደው የቀረችውን በግ ያን ቀን አሳረደች። በሳምንቱ የጉዳት ኮሚቴዎች መጡ። የፈረሰና የተቃጠለ ቤት ሁሉ ለካሳ ይመዘገባል፤ ቤቱ ምን እንደነበረ ግን ከቀድሞው ግምት ይወሰዳል። ያኔ ሾላ መገንጠያ ምን እንደሆነች ታወቀ። በወረቀት ከተማው ሁሉ አሮጌ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ጎጆ ነበር።

የከድጃ ምግብ ቤት በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ወድቆ ነበር። ግምቱ ላይ የተጻፈው የአፈር ወለል፣ ለፍየል ማደሪያም የሚያገለግል የሚል ነው። ቢሮ መጣችና ኡበይደላ ፊት ቆመች።

«ምነው ያኔ ቀና ብትል?» አለችው።

እኔ አላስቻለኝም፤ ፍየሎቹን ማን አስገባቸው አልኳት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውንም ተረትኩባት። ከድጃ ልትመልስልኝ ስትል ኡበይደላ እጁን አነሣ።

«ተዋት» አለኝ። «እሷ ብትደብቅ ቤቷ ነው። ማየቱ ግን የእኔ ሥራ ነበር።»

ተነሥቶ አብሯት ሄደ። ፍርስራሹን በእጁ እያነሣ፣ በመጥረጊያ እየጠረገ፣ ወለሉ ላይ ደረሰ። ሊሾው እዚያው ነበር። ለካው፣ ጻፈው፣ ኮሚቴውም ያየውን አመነ። ከዚያ በኋላ ያን ሰሞን በሙሉ ፍርስራሽ ለፍርስራሽ ሲዞር ከረመ። የተረፈ ነገር ያለበትን ቤት አስተካከለ። ጨርሶ አመድ የሆነውን ግን ምንም ሊያደርገው አልቻለም፤ ያላየውን አየሁ ብሎ መጻፍ አይችልም። እነዚያ ሰዎች አልሰደቡትም። ሰላምታ ብቻ ቀነሱበት።

ምዘናው ግንቦት 2014 ላይ ተጠራ። ይህ የመጨረሻው ዕድል ነው፤ አሁን ከወደቀ መዝገብ ቤት ነው። እኔ የጠፋውን የቢሮ ማኅተም ለማስቀረጽ ወልድያ መሄድ ነበረብኝና በአንድ ሚኒባስ ሄድን። ደንቡ ደጋሚ ተመዛኝ በመጀመሪያው ቤት ይመዘናል ይላል። ቤቱ ቤት ሆኖ ካልቆየስ ለሚለው ደንቡ መልስ የለውም።

የእትዬ አበበች ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው የለም። ሳሎኑ መሐል ፀሐይ ገብቷል። አንድ ጥግ ላይ ሸራ ተወጥሮ ከሥሩ አልጋቸው አለ። አጥሩም ስለወደቀ እኔ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉን አያለሁ፣ እሰማለሁ። ሰላም እንደ በፊቱ በሩ ላይ ቆማለች። በሩ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር።

እትዬ አበበች ኡበይደላን ሲያዩት ከተቀመጡበት ተነሡ።

«መጣህልኝ» አሉት። «ስጠብቅህ ነበር።»

ጉዳዩን አስረዱት። ቤታቸው ውስጥ ሰዎች ሰፍረውበት ነበር፤ ብርዱ ሲመጣ ኮርኒሱን እየነቀሉ አነደዱት፣ ቆርቆሮው ደግሞ በኋላ ሄደ። ቆርቆሮው አላሳሰባቸውም። ያ ኮርኒስ ግን የደምሴ እጅ ነበር። ደምሴ ሐራ ከተማ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ላይ አናጺ ሳሉ፣ ዕቃ የመጣበት ሳጥን ሲጣል እንጨቱን በትከሻቸው እያመጡ፣ እየላጉ፣ ዓመት በዓመት ሲገጥሙት ኖረው መሐሉ ላይ ትልቅ ኮከብ አወጡበት። ኮከቡን ጨርሰው ብዙም አልቆዩም። አሁን ኮሚቴው እንዲህ ያለ ኮርኒስ ነበረኝ ካሉ ሁለት ምስክር ያምጡ ብሏቸዋል፤ አንዱ ሙያው የሆነ ሰው መሆን አለበት። ጎረቤታቸው ትርንጎ አንዷ ናት። ሁለተኛው ጠፋ። ከጦርነቱ በፊት ወረቀትና ሜትር ይዞ ያን ቤት የገባ ኡበይደላ ብቻ ነው።

«ኮከቡን ታስታውሰዋለህ አይደል?» አሉት።

ነገሩ ግልጽ ነበር፣ ከድንጋዬ ላይ ሆኜ እንኳ ይታየኛል። አየሁት ካለ እትዬ አበበች ምስክር አገኙ፤ ግን አለማየቱን ራሷ ጽፋ የጣለችው ሰላም አምስት እርምጃ ላይ ቆማለች፣ ያላየውን አየሁ የሚል ገማች ደግሞ አያልፍም። አላየሁትም ካለ ወረቀቱን ያገኛል፣ ዓቢዳም ትማራለች፤ አሮጊቷ ግን ይቀርባቸዋል። እኔ በሆዴ አየሁ በል እለው ነበር። ለወንበሩ ብዬ ይሁን ለእሳቸው አዝኜ፣ በዚያች ሰዓት ለይቼ አላውቅም።

ኡበይደላ ያን ቀን ምንጣፍ አልነበረውም። አፈሩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እትዬ አበበችን አያቸው።

«እትዬ፣ አላየሁትም» አላቸው።

«ሥሩ ተቀምጠህ እርጎ ጠጥተህ?»

«አላየሁትም። ነውር መስሎኝ ነው። አውፍ ይበሉኝ።»

ትርንጎ ከጎረቤት ደጅ ሆና የምትወቅጠው ነገር ነበር፤ እሱ ብቻ ይሰማል።

«ነውርማ ነው» አሉ እትዬ አበበች በመጨረሻ። «አባትህ ደህና አድርገው አሳድገውሃል። እኔ ግን መሐል ላይ ያስቀመጥኩህ እንድታየው ነበር።»

ከዚያ ምዘናው ቀጠለ፤ ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው። ኡበይደላ በባዶው ጣሪያ ሥር አንገቱን አቅንቶ ማዕዘን በማዕዘን ዞረ። ወጋግራው የነበረበትን፣ በግድግዳው ጫፍ ዙሪያውን የቀረውን የኮርኒስ ምልክት፣ የተሰበረ ምስማር ሳይቀር ጻፈ። ያንን የምልክት ነገር ኮሚቴው በኋላ ተቀብሎታል፤ የተቀበለው ግን እንደ ተራ ችፑድ ኮርኒስ ነው። በኮከብ ቅርጽ የተሠራ ነበር የሚል አንድ ምስክር ብቻ ስለተገኘ አልተያዘም።

ውጤቱ «ብቁ» የሚል ነበር። ሰላም ስትሰጠው ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እንኳን ደስ አለዎት ማለት ነበረባት፣ አለችም።

በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። መርሳ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን ኡበይደላ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?»

አየሁት እል ነበር አልኩት።

«እኔም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር» አለኝ። «ወላሂ፣ እውነት ተናግሬ እንደዛሬ የከፋኝ ቀን የለም። እሳቸውን ጎድቶ እኔን ጠቀመኝ።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። የሚያየው የመንገድ ዳር ቤቶችን ጣሪያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ጠባዩ ተበላሸ። ቤት ሲገባ ሰላምታው ሳያልቅ ጣሪያ ያያል። መጀመሪያ ሰው ተቀየመ፤ ወረቀት ሲይዝ ዓይን አወጣ ተባለ። እንደ ድሮው ይበላል፤ የሚበላው ግን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከድጃ ምግብ ቤቷን መልሳ ስትሠራ፣ ቆርቆሮው ገና ምስማሩ ሳያልቅ ራሷ መጥታ ኡበይደላን ከቢሮ ወሰደችው። ክንዱን ይዛ መሐል አቁማ፣ አሁን ቀና በልና ያየኸውን ሁሉ ጻፍ አለችው። ጻፈ። ግብሯ ሲጨምር ልትሰድበኝ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣች። በዚህ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። የሚሽከረከረው ወንበርም እሱ ጋ ነው።

በዚያው ክረምት ጦርነቱ እንደገና ተነሥቶ ቆቦ ላይ ነው ሲባል ሰው እንደገና ዕቃውን አሰረ። በ2015 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰላም ወረደ ተብሎ ተነገረ። በወሩ ኡበይደላ ወልድያ አብረኸኝ ሂድ አለኝ። ምን ልታደርግ ስለው፣ ቤት ለማየት አለኝ።

እትዬ አበበች በተሰጣቸው ገንዘብ ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ ለኮርኒስ አልተረፈም። ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ የምስማሩ ቀዳዳ ሳይቀር ከሥር ይታያል። እኔን ጥግ አስቀመጡኝ። እሱን እጁን ይዘው የድሮው ቦታ፣ ሳሎኑ መሐል አስቀመጡት። ሳህኑን አመጡ፤ ግን አላቀረቡለትም፣ ይዘውት ቆሙ።

ኡበይደላ ሳይባል ቀና አለ። እሳቸው በነጻው እጃቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ፣ የኮከቡ ወገብ እዚህ ነበር፣ ይህ ጫፉ ወደ በሩ ያያል፣ እዚያ ጋ አንድ ጣውላ አጥሮበት ደምሴ ከአልጋው እግር ቆርጦ ሞላበት እያሉ ነገሩት። እሱ ጣታቸውን እየተከተለ አንገቱን አዞረ። እኔም አብሬ አየሁ፤ ለእኔ የታየኝ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እሱ አንገቱን እስኪያመው ድረስ አልመለሰም።

«ማሻአላህ» አለ።

እትዬ አበበች ሳህኑን ፊቱ አስቀመጡለት።

«አሁን ብላ» አሉት።